ሰማይ የማታየው ቀስት

ጥድፊያ የሚሏት ልጅ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ልጅ ሳለች ወተት እስኪበርድ መታገሥ አቅቷት ምላሷን ያቃጠለች ቀን። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ እውነተኛ ስሟን ረሳው። አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በኮምፒውተር ተመረቀች፣ ባንክ ተቀጠረች፤ አመሏ ግን ንቅንቅ አላለም። ሊፍት ከዘገየባት በደረጃ ትወጣለች። ሰው ወሬ ካስረዘመባት መጨረሻውን ከአፉ ነጥቃ ራሷ ትጨርስለታለች።

ይህች ልጅ ናት እንግዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር የሟች ወንድሟ ክፍል ገብታ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ስትንፏቀቅ ብርሃኑ እስኪደክም ቁጭ ብላ የምታይ።

መስመሯ የካርታ ናት። አዲስ ካርታ ከኮምፒውተሩ ወደ ወንድሟ የብስክሌት ጂፒኤስ እየተገለበጠ ነው። ጂፒኤሷ ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማትበልጥ፣ ዘመኗ ያለፈባት፣ ቁልፎቿ የተላጡ፣ አንድ ጎኗን አስፋልት የፈገፈጋት መሣሪያ ናት። ወንድሟ የዛሬ ዓመት ገደማ፣ አዲስ በተሠራው የገደል መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት የሞተ ቀን መሪው ላይ ተሰክታ ነበር።

አጠገቧ የተቀመጠው ቸርኬ ነው። ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ የእጁ ጥቁር ቅባት በምንም ሳሙና አይለቅም። የወንድሟ የልብ ጓደኛ ነበር። ለእሷ ደግሞ ምን እንደነበረ ሁለቱም በቃል ተናግረውት አያውቁም። በፊት በፊት በየሳምንቱ በስልክ «ፍሬንሽ ላልቷል፣ ብቅ በይ» ብሎ ይጽፍላት ነበር። ፍሬኗ ምንም አልሆነም። እሷም ታውቃለች። ብቅ ትላለች።

«የዚህች ልጅ ብስክሌት ከምትነዳው የምትጠገነው ይበልጣል» ይል ነበር ወንድሟ፣ ምሳ ላይ፣ እናቷ እየሰሙ።

እናቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ቀልዱ አላሳቃቸውም። ጠጋኙ የልጃቸው ጓደኛ ሆኖ ቢገባ ቢወጣ አይጠሉም፤ ከዚያ አልፎ እንዲቀመጥ ግን አልፈለጉም። በኋላ አደጋው ሲመጣ ነገሩ አበቃ። ያንን መንገድ እንሞክረው ብሎ ልጃቸውን የወሰደው ቸርኬ ነበር። ለሐዘን የመጣ ቀን ከበር መለሱት። ጥድፊያ ይደውላል ብላ ጠበቀች። እሱ ትደውላለች ብሎ ጠበቀ። ሁለቱም ዝምታውን እንደ ወቀሳ ቆጠሩት፤ ወራት ነጎዱ።

ቸርኬን ወደዚህ ቤት የመለሰችው ጂፒኤሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂፒኤስ ሰማይ ካላየ ያለበትን አያውቅም። ሳተላይት ካጣ መጨረሻ ያየበትን ቦታ ይዞ እዚያው ይቆማል። የወንድሟ ጂፒኤስ ደግሞ ሰማይ ያየችው ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ቀን ነው። ቤት ውስጥ ባበሯት ቁጥር ስክሪኗ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቀስት ብቅ ትላለች። ዙሪያዋ ባዶ ነው። መንገዱ አዲስ ስለሆነ አሮጌው ካርታ አያውቀውም፤ ያንን ገደል ጭራሽ አላካተተም። መንገድ የለ፣ ወንዝ የለ፣ የቦታ ስም የለ፤ ነጭ ባዶ ውስጥ አንዲት ቀስት ብቻ።

እናቷ መሣሪያዋን በልጃቸው ሹራብ ጠቅልለው፣ መስኮት በሌለው መተላለፊያ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖሯት። ጠዋት ጠዋት አውጥተው ያበሯታል፣ ያይዋታል፣ ያጠፏታል። ቻርጅ እንዳያልቅባት ከስልካቸው የበለጠ ይጠነቀቃሉ። መስኮት አጠገብ ማንም እንዳያደርሳት አዘዋል።

«ሰማይ ካየች ቀስቷ ትነሣለች» አሉ አንድ ቀን። «ከተነሣች በኋላ ልጄን የት ብዬ ላየው ነው?»

ጥድፊያ ወንድሟ ሥላሴ ዘንድ እንጂ ስክሪን ላይ እንዳልሆነ ልትናገር አፏን ከፈተች። የእናቷን ፊት አየችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ግን እሷም በመተላለፊያው ስታልፍ እርምጃዋን ታቀልላለች፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰው ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስላታል።

በኋላ እናቷ ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን ሳይነኩ፣ «ልጄ መንገድ በሌለበት ቆሟል» አሉ። «መንገድ ይደረግለት።»

አዲስ ካርታ መጫን ማለት ነው። ለኮምፒውተር ምሩቅ ሥራ ሊባል አይችልም። ጥድፊያ ግን ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ «እኔ አልችለውም፤ እንዲህ ያሉትን አሮጌዎች የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል» አለች። ኮምፒውተርን በተመለከተ «አልችልም» የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

እናቷ ዳቦውን ወዲያ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ቸርኬን አስጠሩት። በሩ ላይ አቁመው፣ ፍርድ ሲያነቡ ይናገሩበት በነበረው ድምፅ፣ «እሁድ እሁድ ትመጣለህ፤ ካርታው እስኪያልቅ ድረስ» አሉት። «ሲያልቅ ይህን ደፍ እንዳትረግጥ።»

«እሺ እትዬ» አለ ቸርኬ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጥድፊያ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሰማች። ደስታዋ አሳፈራት።

*

የመጀመሪያው እሁድ ኮምፒውተሩ መሣሪያዋን አላውቅሽም አላት። ቸርኬ ኬብሉን ነቅሎ ወደ ብርሃን ዘረጋው።

«ይቺ ለቻርጅ ብቻ ናት። ዳታ አታሳልፍም።»

«ታዲያ ሌላ አላመጣህም?»

«በሚቀጥለው እሁድ አመጣለሁ።»

ሱቁ ከቤቱ ብዙ አይርቅም። ሄዶ መመለስ ይችል ነበር። ጥድፊያ ይህን አልጠየቀችም።

በሚቀጥለው እሁድ ኬብሉ ተገኘ፤ መስመሯ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ሆነች። ዩኤስቢውን በማከፋፈያው ሰክተውት ስለነበር ነው ተባለ። ቀጥሎ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰኩት፤ ግማሽ ከደረሰ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱ እንቅልፍ ወሰደውና ተቋረጠ። ከዚያ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ አደረጉት፤ ቫይረስ መከላከያው እያንዳንዷን ቁራጭ ካልፈተሽኩ ብሎ አዘገየ። እሱን አጠፉት። አሁንም አልፈጠነም። በየእሁዱ አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ይዘው ይመረምራሉ፤ ሁለት በአንድ ቀን አይሞከርም።

«መሣሪያዋ ናት» አለ ቸርኬ በመጨረሻ። «አሮጊት ናት። በኬብል ከዚህ በላይ አትውጥም። ያጎረስናት ደግሞ የአገሩን ካርታ በሙሉ ነው። እናትሽ የፈለጉት አንድ መንገድ። ቆርጠን እሱን ብቻ ብንጭንስ?»

«ሙሉው ይሁን» አለች ጥድፊያ።

«ለምን?»

«ሌላ ቦታ መሄድ ቢፈልግስ?»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ስለ ማን እንደተናገረች የገባት። ሁለቱም ዞር ብለው አልጋውን አዩ። ወንድሟ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስር የነበረበት ቦታ አሁንም ዝቅ ያለ ይመስላል።

በሩ ሁልጊዜ ግማሽ ክፍት ነው፤ እናቷ መተላለፊያው ላይ ወንበር አስቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ስለዚህ ቀጥታ አይተያዩም። የኮምፒውተሩ ስክሪን ከመስመሯ በቀር ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ውስጥ ፊቷ ይታያል፣ አጠገቡ የእሱ። እዚያ ውስጥ ይተያያሉ። ቀሪው ጊዜ አንዳንዴ ይቀንስና እንደገና ያሻቅባል፤ ጊዜው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። በዚያን ጊዜ የሁለቱም ዓይን ጥቁሩ ውስጥ ይለሰልሳል። ወዲያው ደግሞ ጥድፊያ ከትከሻቸው በላይ ሦስተኛ ፊት ፈልጋ ታገኛለች፤ ስታፈጥበት የተሰቀለ የብስክሌት ሄልሜት ነው። እየሳቀ ያያቸው የነበረ ይመስላታል።

እሷ ደግሞ የምታውቀው ነገር አለ። መሣሪያዋ ሆድ ላይ፣ ከላስቲክ ክዳን በታች፣ የጥፍር ያህል ሚሞሪ ካርድ አለች። ካርዷን አውጥቶ በካርድ ማንበቢያ፣ በሪደር፣ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት ነው። ኬብል የለ፣ አሮጊት የለች፤ ካርታው ውኃ እንደመጠጣት ይወርዳል። ሪደሩ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ አለ።

አልተናገረችም። ተናግራ በማግስቱ ምን ይቀራታል?

*

ዛሬ ግን ቸርኬ ከመምጣቱ በፊት እናቷን መተላለፊያው ወለል ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መሣሪያዋ በሁለት መዳፋቸው መካከል በርታለች። የስክሪኗ ብርሃን ከሥር ፊታቸውን አብርቶታል።

«እማዬ፣ መሬቱ ይበርድሻል። ተነሺ።»

«ደከመው» አሉ እናቷ።

«ማን?»

«ይህን ያህል ጊዜ አንድ ቦታ ቆሞ። ሰው እንኳ አረፍ በል ይባላል። ምናለ እንደምንም ብትጨርሱለት?»

ጥድፊያ ገባት። እናቷ ነጭ ባዶ ሲያዩ የከረሙባቸው እሁዶች በሙሉ፣ እሷ ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ የቸርኬን ዓይን ስትለቅም የነበረባቸው ናቸው። ከቸርኬ ጋር ለመቆየት ወንድሟን ሰበብ አድርጋዋለች። ቀጥ ብላ ወጣች፤ ታክሲ ይዛ ቢሮዋ ሄደች። ስትመለስ ሪደሩ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ትንሿ ዕቃ እንደ ድንጋይ ከበደቻት።

ቸርኬ ቀድሟት ተቀምጧል። መስመሯ ልታልቅ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። ስክሪኑ «አልተሳካም» አለ።

«እንደገና እንጀምራ» አለ ቸርኬ። ድምፁ ውስጥ ሐዘን አልነበረም።

ጥድፊያ ሪደሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ቸርኬ አየው። ከዚያ እሷን አየ፤ በጥቁሩ ስክሪን ሳይሆን ፊት ለፊት። ጎንበስ ብሎ የመፍቻ ቦርሳውን ዚፕ ከፈተና ከትንሹ ኪስ ሌላ ሪደር አውጥቶ ከእሷው ጎን አስቀመጠ። መንትያ ይመስላሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ከመጀመሪያው እሁድ።»

«አንተ ውሸታም!»

«አንቺስ?»

ልትስቅ ምንም አልቀራት። ዓመት ሙሉ ጠልቶኛል ብላ ያሰበችው ሰው፣ እሷ የሰረቀችውን ጊዜ ከወዲያኛው በኩል ሆኖ ሲሰርቅ ኖሯል። እሱ ግን አልሳቀም።

«እኔ የደበቅኩት ላንቺ ብቻ ብዬ አይደለም» አለ። «ካርታው ሲገባ ቀስቷ የት እንደቆመች ይታያል።»

«የት ትቆማለች? የወደቀበት ነዋ!»

ቸርኬ ቅባት የለመደውን ጣቱን በሌላኛው እጁ ያሻል፣ ያሻል። ጥድፊያ ሳቋ አፏ ውስጥ ቀዘቀዘ። ይህ ሰው ስለዚያ ቀን፣ ስለ ወንድሟ ሞት ነግሯቸው አያውቅም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅምና። ምን ደብቆ ይሆን? ስትወደው የኖረችው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ድንገት ባዳ ሆነባት።

«አትንካው ካልሽኝ እነሣና እሄዳለሁ» አለ።

«እናቴ ወለል ላይ ነው የምትውለው» አለች። ጥፍሯን የላስቲክ ክዳኑ ሥር ከትታ ከፈተችው።

ካርዷን አውጥታ ሪደሩ ላይ ሰካቻት።

*

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ካርታው ተጭኖ አለቀ። ያን ሁሉ እሁድ ስትሳብ የነበረችው መስመር አንድ ጊዜ ተወርውራ ቀኝ ጫፍ ደረሰች፤ ጥድፊያ ስታያት አፈረች። ካርዷን መልሳ ሰካች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ እናቷን ጠራች።

እናቷ ከዚያ ቀን ወዲህ የልጃቸውን ክፍል ደፍ አልፈው አያውቁም ነበር። አሁን ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ያው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑ።

መጀመሪያ ነጩ ባዶ መጣ፤ ቀስቷም። ከዚያ ከታች በኩል ወንዝ ተሳለ። የገደሉ መስመሮች ተደራረቡ። በመጨረሻ መንገዱ፣ ቢጫ፣ ጥምዝምዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«መንገድ» አሉ እናቷ፣ እንደ ሕፃን። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ተጠጉ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው የዳኛ ፊት ሆኗል።

«ልጄ የተገጨው መታጠፊያው ላይ ነው። የፖሊሱን ቃል እኔው አንብቤዋለሁ። ይሄ መታጠፊያው አይደለም። ይሄ ከመታጠፊያው ወዲህ ነው፣ ድልድዩ ራስ ላይ። ማን ወሰደው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ቸርኬ።

«ተናገር።»

ቸርኬ ቆመ፤ ችሎት ፊት የቀረበ ይመስል።

«ጎማዬ ተንፍሶ ነበር። እስክለጥፍ ቀድመህ ውረድ፣ እደርስብሃለሁ አልኩት። ድምፁን ሰማሁ። ስደርስ መኪናው ሄዷል። መታጠፊያው ላይ ስልክ አይሠራም፤ ስንመጣ ድልድዩ ላይ ይሠራ እንደነበር ትዝ አለኝ። አዘልኩት። ይቺን ከመሬት አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት። ያወጣነው የጉዞ መስመር ወደታች ነበር፤ እኔ ወደ ኋላ ስመለስባት ከመስመር ወጥታችኋል እያለች ትጮኻለች። ጥቂት እሄዳለሁ፣ ትጮኻለች። ጥቂት እሄዳለሁ፣ ትጮኻለች።»

ወሬውን አቋረጠ። እናቷ አላቻኮሉትም። ጥድፊያም፣ የሰው ወሬ መጨረሻ የምትነጥቀው ልጅ፣ ትንፋሿን ያዘች።

«ድልድዩ ጋ ስደርስ ነቃ። ጆሮዬ ላይ ‹ጎማህን ለጠፍከው?› አለኝ። አዎ አልኩት። አልለጠፍኩትም፤ ብስክሌቱንም ጥዬው ነው የመጣሁት። ‹ጎበዝ› አለ። ከዚያ... ከዚያ ከበደኝ። በፊት አልከበደኝም ነበር። አስተኛሁት፣ ደወልኩ። ይቺ እንደገና ጮኸች። ዝም በይ ብዬ አጠፋኋት። ቀስቷ እዚያ የቀረችው እኔ ስላጠፋኋት ነው። ጠዋት ጠዋት የሚያዩት እሱ የወደቀበትን አይደለም፤ ከጀርባዬ ያወረድኩበትን ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ እትዬ።»

እናቷ እንደ ተመታ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሳይሰሙ ፈርደው አያውቁም፤ ይህ በቤቱ ውስጥ የሚታወቅ ኩራታቸው ነበር። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ ቀስ ብለው ሳቡት። የገደሉ መስመሮች እዚያ ላይ ተጠጋግተዋል።

«ዳገት ነው?»

«ዳገት ነው።»

«ከባድ ነበር እኮ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «አጥንተ ከባድ ነበር። እኔ ገና በሕፃንነቱ ነው ማዘል ያቃተኝ።»

ጥድፊያ ማልቀስ አትወድም፤ ጊዜ ይፈጃል ትላለች። አሁን ግን እንባዋ ሳያስፈቅዳት አገጯ ድረስ ወርዷል። የቸርኬን ጀርባ አየች፤ አሮጌ ሸሚዝ፣ ቀጭን ትከሻ። ወንድሟ መጨረሻ የተደገፈው እዚያ ላይ ነው። እጇን ዘርግታ ነካችው፤ እናቷ እያዩ። አላወረደችውም።

«አንቺ ደግሞ» አሉ እናቷ ሳይቆጡ፣ «ሊፍት መጠበቅ የማትችል ልጅ እሁድ ሙሉ መስመር ስትጠብቅ አይቼ ምንም አይገባኝም ብለሽ ነው? አርጅቻለሁ እንጂ አልደነዘዝኩም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔስ እንዲያልቅ መች ፈለግኩ? ካለቀ ምን ይቀረኛል?» መሣሪያዋን በመሐረባቸው ጠረግ አደረጉ። «እሱ ግን ደከመው።»

ተነሡ። በመተላለፊያው አለፉ፤ ቁም ሣጥኑ ጋ አልቆሙም። የውጭውን በር ከፈቱት።

«እማዬ! ሰማይ ታያለች!»

«ትይ» አሉ።

*

ግቢው ውስጥ የከሰዓት ብርሃን ነበር። እናቷ መሣሪያዋን በሁለት መዳፍ ወደ ላይ ይዘው ቆሙ፤ ጥድፊያና ቸርኬ ግራና ቀኝ። ስክሪኑ ሳተላይት በመፈለግ ላይ ነኝ አለ።

«ይቆያል» አለ ቸርኬ። «ብዙ ጊዜ ሰማይ ሳታይ ስለከረመች፣ መፈለጉ ይከብዳታል።»

ጠበቁ። ዛሬ ማንም የሚያዘገየው አልነበረም፤ ስለዚህ እውነተኛ መጠበቅ ነበር፣ ደግሞም አስፈሪ። ቀስቷ ድልድዩ ራስ ላይ እንደቆመች ናት። ጥድፊያ አንድ ጊዜ ወንድሟን አትሂድ ልትለው ፈለገች። ሌላ ጊዜ ደግሞ በቃ ሂድ። የጎረቤት በር ሲንኳኳ መሣሪያዋ መሰላት።

ቲት አለች መሣሪያዋ።

ድልድዩ፣ ወንዙ፣ ቢጫው መንገድ በአንድ ትንፋሽ ተጠረጉ። በቦታቸው ጥቃቅን መንገዶች መጡ፤ የእነሱ ሰፈር፣ የእነሱ ቅያስ፣ ጥጉ ላይ ያለው ቤት። ቀስቷ ቤቱ ላይ ቆመች።

«ገባ» አሉ እናቷ።

ሊቀመጡ ዝቅ አሉ። ቸርኬ ሳያስብ ያዛቸው፤ ክንዱን ደገፍ አድርገው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ለመነሣትም ክንዱን ለመልቀቅም አልቸኮሉም። ጥድፊያ የዚያን ድልድይ ራስ አሰበች። አሁን እዚያ ማንም የለም፤ ነፋስ ብቻ። መጀመሪያ ቀለላት። ወዲያው ደግሞ ዛሬ እንደገና የሞተ ያህል አመማት።

«እንግዲህ ካርታው አልቋል» አለ ቸርኬ ቀስ ብሎ። «ቃሌን... ልሂድ፣ እትዬ።»

እናቷ ከስክሪኑ ቀና አላሉም።

«የሚመጣው እሁድ በምን ሰበብ ነው የምትመጣው?»

ቸርኬ ጥድፊያን አየ። ኬብሉ፣ ማከፋፈያው፣ የላላው ፍሬን፣ ሁሉም አልቀዋል።

«ሰበብ የለኝም» አለ።

«እንግዲያ ያለ ሰበብ ና» አሉት።

ቦርሳውን አንሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አያት፤ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ላይ። ከዚያ ሄደ። ጥድፊያ የግቢውን በር ይዛ ቆመች። ያን ሁሉ ሳምንት ያለ ቅሬታ ስትታገሥ የከረመችው ልጅ፣ ዛሬ ገና እሁድ መሆኑ፣ እስከሚመጣው እሁድ ደግሞ ሙሉ ሳምንት መኖሩ ትዝ አላት። መጠበቅ አቃታት።